አየር ለኪው የሞጣ ሰው

መምህር ኑሩ ማረፉን የነገረኝ የሞጣ ሚኒባስ ረዳት ነው። እኔ ገበያው ዳር ካለችው ቦታዬ ተቀምጬ ሸምበቆ እየላግሁ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አንገቱን ወደኔ አዙሮ፣ "አባባ፣ ያ አየር ለኪው መምህር አረፉ እኮ! ትናንት ቀበርናቸው" አለኝና መኪናው ይዞት ሄደ። ቢላዬን አስቀመጥኩ። ሸምበቆውንም አስቀመጥኩ። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት፣ "ምነው አያ ቸኮል፣ እጅዎን ቆረጡት እንዴ?" አለችኝ።

"የለም፤ ሰው ሞተብኝ" አልኳት።

በማግስቱ ሞጣ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። ሙስሊሞች ሬሳ አያሳድሩም፤ ለቀብሩ ልደርስለት አልቻልኩም። ጫማዬን አውልቄ ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ታላቅ ወንድሙ ሻይ አቀረበልኝና፣ "አባቴ፣ ከየት ነዎት?" አለኝ።

"ከቢቸና። ወደ ሞጣ እስኪመለስ ድረስ ጎረቤቱ ነበርኩ። ዋሽንት ሠሪ ነኝ።"

"እርስዎ ነዎት እንዴ አያ ቸኮል!" ብሎ ተነስቶ ትከሻዬን ሳመኝ። ስሜ በዚያ ቤት ይታወቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለካ የቤቱ ልጆች ሁሉ ያውቁኛል። ሰው እንዴት በማያውቀው ቤት ሲነሳ ይኖራል ብዬ ስገረም ዋልኩ።

ስሜ ቸኮል ነው እንጂ ቸኩዬ አላውቅም። ስለዚህ ስለ መምህር ኑሩ ቀስ ብዬ ልናገር።

የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ እዚያው ሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ወንድሞቹም ሱቁን ይዘዋል። እሱ ብቻ መማር መረጠና ፊዚክስ አስተማሪ ሆኖ ወደ ቢቸና ተመደበ። ከኔ አጥር ኋላ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ገባ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በማስመሪያና በእርሳስ እንደተወጠረ ነው። ሲሄድ መሬት መሬት ያያል፤ ያጣው ነገር ያለ ይመስላል።

አንድ ጠባይ ነበረው። ውስጡ ክፍት የሆነ ነገር ካየ ሳይነፋበት አያልፍም። የእስክሪብቶ ክዳን፣ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የቁልፍ ዘንግ፣ ምንም ይሁን ምን አፉ ላይ ያስጠጋና ፉ ይልበታል። ከዚያ በጆሮው ያዳምጥና አንገቱን ይነቀንቃል። አንድ ጊዜ የውኃ መሥመር የሚዘረጉ ሠራተኞች ረዣዥም የፕላስቲክ ቱቦዎች መንገድ ዳር ከምረው ሄዱ። መምህር ኑሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አያቸው። ቁጢጥ ብሎ ለአንደኛው ቱቦ አፍ፣ "ሁ!" አለው። ቱቦው "ሁ" ብሎ መለሰለት። ለሁለተኛው ትንሽ ቀጠን አድርጎ "ሁ!" አለው። በሦስተኛው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ከዚያ ቀን በኋላ የሰፈር ልጆች "አየር ለኪው" አሉት። ሰው ሲነግረው ይከፋዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። "ልክ ናቸው አያ ቸኮል፤ ሥራዬ እኮ እሱ ነው" አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።

ከኔ ጋር ያገናኘን ጭሱ ነው። እኔ የዋሽንት ቀዳዳ የምበሳው በጋለ ብረት ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሸምበቆ ጭስ ከግቢዬ ይወጣል። አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየኝ።

"አባቴ፣ የት ላይ እንደሚበሱ በምን ያውቃሉ?"

"በእጄ።"

"በእጅዎ እንዴት?"

አሳየሁት። አባቴ እንዳስተማረኝ ነው። ለመካከለኛው ዋሽንት ቁመቱ ሁለት ስንዝርና አንድ ጋት። ከታች አንድ ጋት ትቼ የመጀመሪያውን ቀዳዳ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ጣት እያልኩ ሌሎቹን። ለትንሹ ጣቴን ጠበቅ፣ ለትልቁ ላላ አደርጋለሁ። አጥሩን ዞሮ መጣና አጠገቤ ተቀምጦ ማስመሪያውን አወጣ። የለካውን ሁሉ ጻፈ። እኔም የምጠይቀው ነበረኝና፣ "አንተስ አየር የምትለካው በምንድን ነው? አየር ቁመት አለው?" አልኩት።

ዛሬም ድረስ ያልረሳሁት መልስ ሰጠኝ። "አያ ቸኮል፣ በዋሽንቱ ውስጥ ድምፅ እንደ አውቶቡስ ነው። ከዚህ ጫፍ ተነስቶ እዚያኛው ጫፍ ይደርሳል፤ ደርሶ ይመለሳል። በአንድ ሰከንድ ስንት ደርሶ መልስ እንደሠራ ከቆጠሩ ድምፁ ቀጭን ይሁን ወፍራም ያውቃሉ። ከቢቸና ሞጣ የሚሠራ መኪና በቀን ጥቂት ጊዜ ይመላለሳል። ከገበያ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ ባጃጅ ግን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። አጭር ዋሽንት የሚቀጥነው ለዚህ ነው።"

"የድምፅ ፍጥነትስ?"

"በእኛ አገር ብርድ በሰከንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ያህል። ዋሽንትዎ ግማሽ ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ አንድ ሜትር ነው። እንግዲህ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል?"

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን፣ "ሦስት መቶ አርባ ነዋ!" አልኩት። ተነስቶ ጨበጠኝ። ተማሪ መልስ ሲመልስለት እንደዚያ ነው የሚሆነው ይላሉ፤ ልጁን እስከ ወንበሩ ሄዶ ይጨብጠዋል አሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት ያለው ሰው ዋሽንት መንፋት አይችልም ነበር። ስንት ጊዜ አስተማርኩት! ከንፈሩን ያሾላል፣ ጉንጩን ይነፋል፣ የሚወጣው እንደ ተቀደደ ጎማ "ስስስ" ብቻ ነው። ባለቤቴ እንጉዳይ ከማድ ቤት ሆና ትስቅበታለች። "መምህር፣ አየሩን መለካት እንጂ ማዘዝ አልተሰጠዎትም" ትለዋለች። እሱም አብሮ ይስቃል።

የሚደጋግማት አንዲት አባባል ነበረችው፦ "መጀመሪያ ይለኩ፤ ከዚያ ያማርሩ።" ተማሪ ፈተናው ከበደኝ ቢለው፣ የቤቱ ባለቤት ውኃ አለቀ ብትለው፣ መልሱ ያው ነው። እንጉዳይ ተማረችበት። ወጡ ጨው በዛበት ስላት፣ "መጀመሪያ ለካ!" ትለኝ ጀመር።

አንድ ጊዜ አብረን አዲስ አበባ ሄድን። እኔ ለዓይኔ ሕክምና፣ እሱ ለስብሰባ። በማለዳ ቢቸና መናኸሪያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። "አንድ ጊዜ ይንፉልኝ" አለኝና ስልኩን አፌ አጠገብ ያዘ። ስልኩ ላይ የድምፁን ቁጥር የሚያሳይ ነገር አለው። ነፋሁ፤ ጻፈ። ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ታች ወርደን አውቶቡሱ ሞተሩ ጋለና ቆመ። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሮጥ እሱ እኔን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ "አሁንም ይንፉ" ይለኛል። አንዲት እናት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሽማግሌ በሐሩር ገደልከው እኮ!" ብላ ጮኸችበት። እሱ መች ሰማት። ስልኩን ለተሳፋሪው ሁሉ እያዞረ፣ "አያችሁ! ቁጥሩ ጨመረ! ድምፅ በቆላ ይፈጥናል!" ይላል። አንድ የበግ ነጋዴ፣ "ምን ይደንቃል፣ እኛም ቆላ ስንደርስ እንፈጥናለን፤ ቶሎ ለመውጣት ነዋ" አለና ሰዉን አሳቀው። እኔ ግን ገረመኝ። ዋሽንት ሲሞቅ ድምፁ እንደሚቀጥን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ነፊ ሁሉ መጀመሪያ በእስትንፋሱ ያሞቀዋል። ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር።

ዋሽንቶቼ መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። የኛ አገር ሰው ይሉኝታ አለው፤ "ዋሽንትህ አይረባም" አይልህም። "ለልጁ ትንሽ ከበደው መሰለኝ"፣ "ሌላ መጠን ካለህ" እያለ ያስቀምጥልሃል። እኔም ስነፋው አይጥመኝም። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ፍርሃት ነበረብኝ። ጆሮዬ ጠፍቶ ይሆን? ዋሽንት ሠሪ ጆሮው ከጠፋ ምን ቀረው? ለሰው ግን፣ "የዘንድሮ ሸምበቆ ጥሩ አይደለም" እላለሁ።

በኅዳር ወር አያ ታከለ ከሞጣ መጣ። አያ ታከለ የታወቀ ዋሽንት ነፊ ነው፤ እኩያዬ ነው፤ ዋሽንቱን ሁሉ የምሠራለት እኔ ነበርኩ። ነፊ ሰው በአንድ ዋሽንት አይሠራም፤ ለየዘፋኙ ድምፅ የሚስማማ የተለያየ ቁመት ያለው ይይዛል። ከአምስት ዋሽንቶቹ አራቱን ምስጥ በልቶበት አዲስ አሠርቶኝ ነበር። የሠራሁለትን በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ጉልበቴ ላይ አስቀመጣቸው።

"ቸኮል፣ ወንድሜ፣ እኔና አንተ መዋሸት የለብንም።"

"አይሆኑም?"

"አንዱም። በጥር የመጨረሻ ልጄን እድራለሁ። ዳሱ ውስጥ ራሴ ልነፋላት ነው። ካልሆነልህ ንገረኝ፤ ከሌላ ላሠራ።"

"እስቲ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ" አልኩት። ሲሄድ ግን ብረቴን ጣራው ሥር ሰቅዬ ለእንጉዳይ፣ "በቃ ትቼዋለሁ" አልኳት። እሷም የብረቱን ፍም አመድ አለበሰችው። ይኼ ይበልጥ አሳዘነኝ።

ሦስት ቀን ያህል እንዲሁ ተቀመጥኩ። በአራተኛው መምህር ኑሩ አጥሩን ዞሮ መጣ።

"አያ ቸኮል፣ ሰሞኑን ጭስ አልሸተተኝም። ደህና ነዎት?"

"ትቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ዋሽንቱን። ሸምበቆው ከድቶኛል።"

"ለክተዋል?"

ተቆጣሁ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለካ ነው የኖርኩት!" አልኩት። እሱ አልተቆጣም። አያ ታከለ ትቶልኝ የሄደውን፣ ምስጥ ያልነካውን አንዱን አሮጌ ዋሽንት አነሳ። ጎልማሳ ሳለሁ የሠራሁት ነው። "ይህን ሲሠሩ ስንት ነበር ልኩ?" አለኝ።

"ሁለት ስንዝርና አንድ ጋት።"

"እስቲ አሁን ስንዝርዎን ያሳርፉበት።"

አሳረፍኩ። አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ አንድ ጋት። እጄ ጫፉ ላይ አልደረሰም። የአንድ ጣት ያህል ቀረው። እንደገና ለካሁ። አሁንም ቀረው። ጣቶቼን አየኋቸው፤ አንጓ አንጓቸው አብጦ እንደ ዝንጅብል ሆኗል። ስዘረጋቸው እንደ ድሮው አይዘረጉም። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ላይ ሁለት ጣቴን አስቀመጥኩ። እዚያ ደግሞ ተርፎ ወጣ።

መምህር ኑሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሸምበቆው አልከዳዎትም አያ ቸኮል። ስንዝርዎ አጥሯል፤ ጣትዎ ወፍሯል" አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። እኔ ግን እስቲ ስማኝ፣ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈታ ተሰማኝ። "ታዲያ ጆሮዬ?" አልኩት።

"ጆሮዎማ ደህና ነው! አይጥመኝም ሲሉ የነበረው ልክ ስለሆነ ነው።"

እንጉዳይን ጠርቼ፣ "ጆሮዬ ደህና ነው!" አልኳት። እሷም፣ "እኔማ አውቃለሁ፤ ማታ ማታ ስጠራህ ነው የሚጠፋብህ" አለችኝ።

መምህር ኑሩ በእጅ ፈንታ በቁጥር እንሥራ አለ። አያ ታከለ በሚቀጥለው ገበያ ሲመጣ ግቢዬ አስቀመጠውና፣ "በሠርጉ የሚዘፍኑትን ሰዎች ድምፅ አንድ በአንድ ያንጎራጉሩልኝ" አለው። አያ ታከለ የሴቶቹን ለማውጣት ጉሮሮውን አቅጥኖ ሲያንጎራጉር እንጉዳይ ሳቅ ገደላት። ስልኩ ቁጥር ይሰጣል፤ መምህር ይጽፋል። እትዬ ዘነበች የምትባል የአያ ታከለ እህት አለች፤ ሞጣ ውስጥ ያለሷ ዘፈን ሠርግ አይደምቅም። የሷ ሦስት መቶ አርባ ሆነ። "ይኼማ ቀላል ነው፤ ግማሽ ሜትር" አለ መምህር።

ግማሽ ሜትር ቆረጥኩ። ቀዳዳውን ከአሮጌው ዋሽንት እያየ በድርሻ አስልቶ ምልክት አደረገልኝ፤ ቁመቱ ሲያጥር ቀዳዳዎቹም በዚያው ልክ ይቀራረባሉ። በሳሁ። አሞቅሁና ሁሉንም ደፍኜ ነፋሁ።

ወረደ። ጆሮዬ ወዲያው ነገረኝ። ስልኩም ሦስት መቶ ሠላሳ ሁለት አለ።

መምህር ኑሩ ፊቱ ጠቆረ። ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። ስሌቱ አልተሳሳተም። "ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ" አለ፤ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ሁለት ቀን አልመጣም። በአጥር ላይ እንኳ ሰላም ሲለኝ ያፍራል።

እኔ ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ። ዋሽንት ቢወርድ ከጫፉ ይላጋል። ትንሽ ላግሁ፣ ነፋሁ፤ ላግሁ፣ ነፋሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሲነሳ ልክ መጣ። አጥሩ ጋ ሄጄ ጠራሁት።

"መምህር! ና ቁጥርህን እይ!"

ስልኩን ይዞ መጣ። ሦስት መቶ አርባ። የቆረጥኩትን ስባሪ ተቀበለኝና በማስመሪያው ለካው። ከዚያ ግንባሩን መታ። "ወይኔ! አየሩ! አየሩ እኮ ከቱቦው አፍ ላይ አይቆምም፤ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሚመለሰው! አያ ቸኮል፣ መጽሐፉ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። በየዓመቱ ሳላነበው አልፈዋለሁ!" እየዘለለ ነው የሚናገረው። "አውቶቡሱ መናኸሪያው በር ላይ አይዞርም፤ ትንሽ ወጥቶ ነው የሚዞረው!"

"ታዲያ እኔ ምን አልኩህ?" አልኩት። ምንም አላልኩትም ነበር።

በማግስቱ ክፍል ገብቶ ያንን ትርፍ ሰሌዳው ላይ "የአያ ቸኮል ጥፍር" ብሎ እንደጻፈው ሰማሁ። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጥፍሬን ያዩ ጀመር። እኔም ሳልወድ በየሳምንቱ ጥፍሬን መቁረጥ ጀመርኩ።

የቀሩትን በዚያው መንገድ ጨረስን። እሱ ያሰላል፤ ጥፍሯን ይቀንሳል፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እበሳለሁ። ጭሱ እንደገና ከግቢዬ ወጣ። ጥር ደረሰና አሮጌውን ጨምረን አምስቱን ዋሽንት በፎጣ ጠቅልለን ከመምህር ኑሩ ጋር ሞጣ ሄድን። ባይሆንልኝ ይህ የመጨረሻዬ እንደሆነ ለእንጉዳይ ነግሬያት ነበር። ለሱ አልነገርኩትም፤ ግን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ መንገዱን ሙሉ ፎጣውን የያዘው እሱ ነው።

ዳሱ ተጥሎ ሰው ሞልቷል። ለመምህር ኑሩ ለብቻው የምስር ወጥ አቀረቡለት፤ በደንብ በላ። አያ ታከለ ዋሽንቶቹን ተቀብሎ አንድ በአንድ ነፋ። የመጀመሪያውን ከአንድ ጎልማሳ ዘፋኝ ጋር ሞከረው፤ ገጠመ። ሁለተኛው ገጠመ። ሦስተኛውም አራተኛውም። አያ ታከለ በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔ ግን አልተነፈስኩም።

አምስተኛው የእትዬ ዘነበች ነው። ነፋላት። እሷም ጀመረች፤ ከሁለት ስንኝ አላለፈችም። አቆመች። "ታከለ፣ ከፍ አደረግህብኝ" አለችው። እንደገና ሞከሩ። ድምፅዋ ላይኛው ላይ ሲደርስ ተሰነጠቀ። ሙሽራዋ አክስቷን ታያለች። እትዬ ዘነበች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ነገሩ ገባኝ። አያ ታከለ ግቢዬ ተቀምጦ ያንጎራጎረው የሷን የድሮ ድምፅ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የሰማውን። ወንድም እህቱን ሁልጊዜ ወጣት አድርጎ ነው የሚሰማት። የኔ ስንዝር እንዳጠረ፣ የሷም ድምፅ ወርዷል። ማንም ግን ሊነግራት አልደፈረም።

ዋሽንት ማሳጠር እንጂ ማስረዘም አይቻልም። እንግዲህ አበቃ አልኩ በልቤ። ዞር ስል መምህር ኑሩ ከእትዬ ዘነበች ፊት ተንበርክኳል፤ ስልኩን ይዟል።

"እናቴ፣ እንደሚመችዎት ብቻ ይዝፈኑ። ከፍ አይበሉ።"

ቀስ ብላ ዘፈነች። ሦስት መቶ ሃያ። እዚያው መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ አሰላ። "ሃምሳ ሦስት ሳንቲም፤ ጥፍርዎ ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት የማይሞላ! አያ ቸኮል፣ ሸምበቆ ይዘዋል?"

ሸምበቆ ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ከወጥ ቤቱ ፍም አመጡልኝ። ብረት ከየት? የአያ ታከለ ልጅ፣ ሙሽራዋ ራሷ፣ ወስፌ አስመጣችልኝ። መምህር ኑሩ በማስመሪያው እየለካ ምልክት ያደርጋል፤ እኔ በነዚያ ባበጡ ጣቶች እይዛለሁ፣ እበሳለሁ። ሠርገኛው ከቦናል። አንዱ፣ "ሙሽራው ደርሷል፤ በር ላይ ነው!" ይላል። ሌላው፣ "ይቆይ! ዋሽንት እየተወለደ ነው!" ይለዋል። ቆርጬ፣ ልጌ፣ አሙቄ፣ አንድ ጊዜ ነፋሁና ለአያ ታከለ ሰጠሁት። ስልኩን ማየት አላስፈለገኝም። ጆሮዬ ነግሮኛል።

አያ ታከለ ነፋ። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ቀጭን አልነበረም፤ ወፍራም፣ ሰፊ፣ እንደ ደረቅ እንጨት እሳት የሚያሞቅ ነበር። ዋሽንቱ ሥር ሥሯ ሄደ። ሙሽራው በእልልታ ሊገባ ሲል እሷ ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ስትጨርስ እንዲገባ በር ላይ አስቆሙት ይላሉ፤ እኔ ላስተውል አልቻልኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። አያ ታከለ በኋላ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ "ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሁለት ትሠራልኛለህ" አለኝ። ይኼው ነው የሱ ምስጋና።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከመምህር ኑሩ ጋር ወደ ቢቸና ተመለስን። መዳፉ ላይ ያለው ስሌት ገና አልጠፋም ነበር፤ ሲታጠብ ያችን እጁን በውኃ ብቻ አርሶ ሳያሽ ቀርቷል። መስኮቱ ጎን ተቀምጦ መዳፉን ሲያይ ቆየና፣

"አያ ቸኮል" አለኝ።

"አቤት።"

"ይህን ስሌት ስንት ዓመት አስተማርኩ። ተማሪ መልሱን ያገኛል፤ እኔ ትክክል ብዬ አርማለሁ፤ ያልፋል። መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ትናንት ዳሱ ሙሉ ሰው ጠበቀው።"

እኔም ሥራዬን መልሰህ ሰጠኸኝ ልለው እያሰብኩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እንቅልፍ ወሰደውና ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፤ ትከሻዬ ደነዘዘ። እሱ በአፉ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። እንዳይነቃብኝ ብዬ ቢቸና እስክንገባ አልተንቀሳቀስኩም።